በሃብታሙ ስም የተጻፈ ደብዳቤ

ጋሽ ወልደገብርኤል በየካቲት ወር፣ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። እኔ በምሠራበት የቶሮንቶ ቤተ መዛግብት አሥራ አንድ ዓመት ሳጥን አመላልሰዋል። በቀብራቸው ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሚከተለውን ግን አላስገባሁትም።

ባለፈው መስከረም፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የዘመተ አንድ የኦንታሪዮ ገበሬ ልጅ ለእናቱ የላካቸውን ደብዳቤዎች እመዘግብ ነበር። የመጨረሻው ደብዳቤ የተጻፈው ልጁ ከሞተ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። የእጅ ጽሕፈቱ ከሌሎቹ አይለይም። ስለዚህ «የቀን ስህተት» ብዬ መዘገብኩ። ጋሽ ወልደገብርኤል ሳጥኑን ሊወስዱ መጥተው አዩኝ።

«ምኑ ነው የተሳሳተው?»

«ሞቶ እንዴት ይጽፋል፣ ጋሼ?»

«እናንተ የተማራችሁ ሰዎች! ልጁ መጻፍ ይችል ነበር ያለሽ ማን ነው?»

ልጁ ለውትድርና የተመዘገበበትን ወረቀት አወጣሁ። በፊርማው ቦታ የመስቀል ምልክት ብቻ አለ። ሁሉንም ደብዳቤ የጻፈለት ሌላ ሰው ነበር።

እንዴት እንዳወቁ ስጠይቃቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። በደርግ ጊዜ በሰሜን ግንባር፣ መጻፍ ለማይችሉት የሻምበላቸው ወታደሮች ደብዳቤ የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። ሃብታሙ የሚባል ልጅ ሲሞት እናቱ ታማ ስለነበር «እኔ ደህና ነኝ፣ አታስቡ» ብለው በስሙ አንድ ደብዳቤ ጨመሩ።

«እህቱ አበራሽ እዚሁ ክሬሰንት ታውን ናት» አሉኝ። «ደብዳቤውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አሳይታኛለች። ሻምበላችን በውጊያ ካለቀ በኋላ የተጻፈ ስለሆነ፣ ተማርኮ ተርፏል ብላ እስከ ዛሬ ታፈላልገዋለች። የእኔ እጅ መሆኑን አታውቅም።»

«መቼ ነው ያሳየችዎት?»

«አራት ዓመት ሆነው።»

«ይንገሯት» አልኩ። «ሰው ሠላሳ ስድስት ዓመት በስህተት መኖር የለበትም።»

እርግጠኛ ነበርኩ። ቅዳሜ እሳቸው ከሚኖሩበት ከፍሌሚንግደን ፓርክ ተነሥተን በአውቶቡስ ወደ ወይዘሮ አበራሽ ቤት አብረን ሄድን። ጋሽ ወልደገብርኤል ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ እንደቆሙ ተናገሩ። ወይዘሮ አበራሽ አላለቀሱም። ደብዳቤውን ከመሳቢያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ይሄ ያንተ እጅ ነው?»

«የእኔ ነው፣ እትዬ።»

«በስንት ቀን ነው የሞተው?»

«መጋቢት መጨረሻ… ወይ ሚያዝያ መጀመሪያ።»

«ቀኑን ነው የጠየቅኩህ። ሙት ዓመቱን በየትኛው ቀን ላውጣለት?»

«አልያዝኩትም፣ እትዬ አበራሽ። በየቀኑ ነበር ሰው የሚሞተው።»

«ደህና ነኝ ብለህ የዋሸህበትን ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ ጽፈሃል። የሞተበትን አልያዝኩም ትለኛለህ?»

ጋሽ ወልደገብርኤል ጎንበስ ብለው ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን አዩ።

«ስሙን ከሕያዋን ጋር ሳስጠራ ኖርኩ» አሉ ወይዘሮ አበራሽ፤ የሚያናግሩት ግን ጋሽ ወልደገብርኤልን አይመስልም ነበር። ከዚያ ደብዳቤውን በድሮው እጥፋት አጥፈው ሰጧቸው። «ውሰደው። ያንተ ነው።»

ከዚያን ቀን በኋላ ጋሽ ወልደገብርኤል ወደዚያ ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም። ሥራ ላይ የድሮ የቀን መቁጠሪያ ከኢንተርኔት እንዳወጣላቸው ይጠይቁኝ ነበር። የ1980ን መጋቢትና ሚያዝያ አትሜ ሰጠኋቸው። የምሳ ሰዓታቸውን በጣታቸው ቀን እየቆጠሩ ያሳልፉ ጀመር። የውጊያውን ቀን፣ ከዚያ በፊት ዝናብ የዘነበበትን፣ የፋሲካውን በዓል። አንዳንዴ አንዱን ቀን በእርሳስ ይከቡና መልሰው ያጠፉታል።

ወይዘሮ አበራሽ ቀብሩ ላይ አልመጡም። በሳምንቱ ደወሉልኝ።

«ሳይሞት ቀኑን አስታውሶ ነበር?»

«አላስታወሱም» አልኳቸው።

ስልኩን ዘጉት።