እንትፍ እንትፍ ልል ቂርያት ጋት ሄጄ

ከአፉላ የተነሳሁት እሑድ ጠዋት ነው። ጉዳዬ አንድ ነበር፤ የልጅ ልጄን ታሄልን ልመርቅ። ልጄ ሲጋል ስንት ዓመት ጠብቃ የወለደቻት ናት። ያለ ወሯ መጥታ ሆስፒታል ብዙ ከሰነበተች በኋላ ባለፈው ሳምንት ገና ቤቷ ገባች። ሳንባዋ አልጠነከረም ይላሉ። በእኛ ወግ ደግሞ ልጅ በባዶ ቃል አይመረቅም። ትልቅ ሰው ግንባሩ ላይ «እንትፍ እንትፍ» ይልበታል፣ ጤዛ የምታህል ምራቅ ታርፍበታለች፣ ከዚያ ነው «እደግ፣ ተመንደግ» የሚባለው። አባቴ ሁላችንንም እንዲህ አድርጎ መረቀን። እሱ ከአገራችን ወጥተን ወደዚህ ስንመጣ በመንገድ ሱዳን አፈር ውስጥ ቀረ፤ ምርቃቱ ግን በእኔ አፍ አለ ብዬ አምናለሁ። ይህን ለታሄል ሳላደርስ ብሞት ዓይኔ አይከደንም ነበር።

በባቡር

ከአፉላ ሃይፋ፣ ከሃይፋ ቴል አቪቭ፤ እዚያ ደግሞ ባቡር ቀየርኩ። ለጡረተኛ ዋጋው ግማሽ ነው፤ እሰይ፣ እርጅናም ጥቅም አለው። ጣቢያው ላይ የበላሁት ቡሬካስ የሚሉት አይብ ያለበት መጋገሪያ ግን ውስጡ ወርቅ ያለበት ይመስል አሥራ ስምንት ሸቀል አስከፈለኝ። ለሻጩ ነገርኩት፤ ሳቀብኝ።

አብረውኝ የተሳፈሩት ወታደሮች ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተኝተዋል። አፍንጫዬ ከትናንት ጀምሮ ይፈስ ነበርና ብርድ መትቶኝ ነው ብዬ ሻሼን ጠበቅ አደረግሁ። ከራምላ ወዲያ አገሩ ይከፈታል። የመጀመሪያው ዝናብ ወርዶ እርሻው ጠቁሯል፤ ስንዴው ቀድሞ የበቀለበት ማሳ አረንጓዴ ሆኗል። እንዲህ ያለ መሬት ሳይ አሁንም እጄን ይበላኛል፤ ዶማ ያዢ ያዢ ይለኛል። ተመስገን አልኩና በመስኮት እያየሁ ቂርያት ጋት ደረስኩ።

ካርሜ ጋት፣ ከቀትር በኋላ

ከጣቢያው አውቶቡስ ያዝኩ። አሮጌው ከተማ ብሎኮቹ ዝቅ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ በየበረንዳው ልብስ ተሰጥቷል፣ ከሱቁ በር ላይ ሽማግሌዎች ቆመው በጎንደር አማርኛ ይሟገታሉ። አውቶቡሱ ሲጋል ወደምትኖርበት አዲስ ሰፈር፣ ወደ ካርሜ ጋት ሲገባ ግን ሌላ አገር ነው። ሁሉም አዲስ፣ ሁሉም ረጅም፤ መንገዱ በሕፃን ጋሪ ተሞልቷል። ሲጋል የያዘችው ምድር ላይ ያለውን፣ ትንሽ ጓሮ ያለውን ቤት ነው።

በሩን ስትከፍትልኝ አስነጠስኩ።

«እማዬ፣ በሞቴ፣ እዚያው ቁሚ!» አለችኝ እጇን ዘርግታ።

«ምነው፣ እንግዳ ነኝ እንዴ?»

«አፍንጫሽ ቀልቷል። አር ኤስ ቪ የሚባለው ቫይረስ በከተማው እየጨመረ ነው። ትልቅ ሰው ላይ ጉንፋን ነው፤ እንደ ታሄል ያለች ሕፃን ግን ትንፋሽ ያሳጣታል። አቪ ነው የነገረኝ።»

«አቪ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ሐኪም ሆነ? አቪ የሽንት ቤት ውሃ አይደል እንዴ የሚቀዳ!»

አቪ አማቼ ነው፤ ከከተማዋ የፍሳሽ ቦይ ናሙና እየወሰደ ለቤተ ሙከራ የሚያደርስ። ከኋላዬ ከሥራ መጥቶ ቆሞ ኖሯል፤ ሰምቶኛል። አፈር ልሁን! እሱ ግን አልተቀየመም።

«እማማ፣ እውነትዎን ነው» አለ እየሳቀ። «ዛሬ እናቴ ቤት ይደሩ፤ እሷ አሽዶድ ስለሄደች ባዶ ነው። ነገ ጠዋት መጥቼ ልውሰድዎትና የምቀዳውን ይዩት።»

ያን ማታ እራቴን አልበላሁም። አገር አቋርጬ መጥቼ፣ የልጅ ልጄን ድምፅ በበር ሰምቼ፣ እንደ ለማኝ ከደጅ ተመለስኩ። ተናድጄ አለቀስኩ፤ አልዋሽም።

ከክዳኑ ሥር

ጠዋት አቪ ማስክ አድርጎ፣ ለእኔም ሰጥቶኝ፣ የመኪናውን መስኮት ከፍቶ ወሰደኝ። በፋብሪካዎቹ ቀጠና በኩል ስናልፍ የሌሊቱ ፈረቃ እየወጣ ነበር፤ ግማሹ የእኛው ሰው ነው። ከቀጠናው ወዲያ ከአንድ የብረት ክዳን አጠገብ ቆምን። አቪ በመንጠቆ ከፈተው። ሽታውን ተዉት! ከውስጥ ቱቦ የተገጠመለት ሣጥን አወጣ። ሣጥኑ ቀንና ሌሊት ከሚያልፈው ፍሳሽ ጥቂት ጥቂት እየሳበ ሲያጠራቅም ያድራል። አቪ ከእሱ አንዲት ጠርሙስ ሞላ፤ አተላ የመሰለ ድፍርስ ውሃ።

«ይህ ነው?» አልኩት።

«ይህ ነው፣ እማማ። የታመመም፣ መታመሙን ገና ያላወቀም፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ። ቫይረሱ ከሰውየው ይወጣል፣ በቦይ ይመጣል፣ ቤተ ሙከራው ያገኘዋል። ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ከተማው ውስጥ መኖሩና መብዛቱ ግን ይታወቃል። የሕፃናት ክፍል ሳይሞላ ሐኪሞቹ ይዘጋጃሉ።»

ስልኩን አውጥቶ የቫይረሱን ብዛት የሚያሳይ መስመር አሳየኝ። ያለፈው ክረምት እንደ ተራራ ወጥቶ ወርዷል። የዘንድሮው ገና ከሥሩ ቀና ማለት ጀምሯል።

እኔ ወይ ጉድ ብቻ ነው ያልኩት። በእነዚያ ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት ሰላም አይባባልም፤ ከሩሲያ የመጣው፣ ከሞሮኮ የመጣው፣ የእኛው ሰው፣ ሁሉ በሩን ዘግቶ ይኖራል። እዚህ ግን ሁሉም ተገናኝተው አንዲት ጠርሙስ ውስጥ አሉ፤ ጠርሙሷም ስለ ሕፃናቱ ትናገራለች። አባቴ ቢሆን መሬት ስሞ «አምላኬ፣ ሥራህ ግሩም ነው» ይል ነበር። እኔም በልቤ ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ፈራሁም።

«አቪ ልጄ፣ እኔስ?» አልኩት። «የእኔ ጉንፋን ከዚህ ውስጥ አለ?»

«እሱን እኔ አላውቅም፣ እማማ። የጤና መድኅንዎ ክሊኒክ፣ ቁፓት ሆሊም ሄደው መመርመር ይችላሉ።»

ነርሷ

ክሊኒኩ አሮጌው ከተማ ውስጥ ነው። ነርሷ ያገራችን ልጅ ናት፤ አማርኛዋ በዕብራይስጥ የተቀየጠ፣ ፊቷ ብሩህ።

«እናቴ፣ በዚህች ጥጥ ከአፍንጫዎ እወስዳለሁ፤ ሬጋ፣ አንድ አፍታ፣ ቶሎ ያልቃል» አለችኝ። «ክሊኒካችን በየሳምንቱ ከሚያስሉ ሰዎች ናሙና ለክትትል ይልካል። የትኛው ቫይረስ እንደመጣ፣ መቼ እንደሚበረታ ከዚያ ነው የሚታየው። ስምዎ አይሄድም። ይፈቅዳሉ?»

«ለልጅ ልጄ ያመጣሁትን እናንተ ልትወስዱት ነው?» አልኳት። ነገሩን ስነግራት እንትፍታውን አወቀችው፤ አያቷ እሷንም እንዲሁ መርቀዋት ኖሯል። ሳቀች።

«ፈቅጃለሁ፤ ውሰጂው» አልኳት።

ውጤቱ በማግስቱ መጣ። ነርሷ ራሷ ደወለች። «እናቴ፣ አር ኤስ ቪ ነው። አይስጉ፣ ለእርስዎ ቀላል ነው። ብቻ ሕፃኗ ጋ እንዳይጠጉ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አፌን በእጄ ያዝኩ። ልጄ በሩ ላይ እጇን ባትዘረጋ ኖሮ በቀጥታ ገብቼ፣ አቅፌ፣ ግንባሯ ላይ... እግዚአብሔር ያውቃል። ለሲጋል ደወልኩላትና «የእኔ እናት፣ አንቺ ትክክል ነሽ» አልኳት። እሷም አለቀሰች።

በጓሮው በር

ከመመለሴ በፊት ሲጋል በጓሮው በኩል እንድመጣ ነገረችኝ። የመስታወቱ በር ተዘግቷል፤ እኔ ውጭ ሣሩ ላይ፣ እነሱ ውስጥ። ታሄልን አስጠግታ አሳየችኝ። እፍኝ ታክላለች! ዓይኗን ገልጣ ወደ ብርሃኑ ታያለች። ቅንድቧ የአባቴን ይመስላል።

ማስኬን ዝቅ አደረግሁና በመስታወቱ ላይ፣ ልክ በግንባሯ ትይዩ፣ «እንትፍ እንትፍ» አልኩ። «እደጊ! ተመንደጊ! አገር ሙዪ!» ሲጋል ከውስጥ «አሜን» ስትል ከንፈሯን አየሁ።

ፀሐይ ነበረች። ምራቄ መስታወቱ ላይ ፍንጣሪ ፍንጣሪ ሆኖ አበራ፤ በዚያ ውስጥ ትንሿ ፊት ትታያለች። በሕይወቴ ሙሉ ምራቅ ሲያርፍ እንጂ ምን ያህል እንደሚበተን አይቼ አላውቅም። ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ከቦርሳዬ መሐረብ አውጥቼ ጠራርጌ አጠፋሁት።

አፉላ

ቤቴ ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። በጉዞዬ የተማርኩት ይህን ነው፤ ፍቅሬ ውስጥ ምን ተሳፍሮ እንደሚሄድ እኔ አላይም፤ የሚያይልኝ ሰው ሲኖር ደግሞ መስማት አለብኝ። አቪ ትናንት ደውሎ መስመሩ ሽቅብ እየወጣ ነው፣ ሆስፒታሉም ለሕፃናቱ አልጋ ጨምሯል አለኝ። ዘንድሮ ይዟቸው ከተቆጠሩት አንዷ እኔ ነኝ።

ታሄልን እስከ ዛሬ አላቀፍኳትም። ደህና ናት።