ጋሪዋን የጣለችው ባዝራ

ልጅ እያለሁ ጅብም ጨለማም ብዙ አያስፈራኝም ነበር። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ግን ካርቱን የሚሉት ነገር አንድ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ። ይህን ሳወራ የሚስቁብኝ አሉ። እናንተ ግን የእኔ ዘመን ሰዎች ከሆናችሁ፣ ዴክና ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት በር ላይ ጫማችሁን ደርድራችሁ ፊልም እያያችሁ ካደጋችሁ፣ እስክጨርስ ብትታገሡኝ ደስ ይለኛል።

የምንኖረው ዳንግላ ነበር። አባቴ ከድር ጨርቅ ይሸጣል፤ ሱቁ ከፊት፣ መኖሪያችን ከኋላ፣ መሀል ላይ ደግሞ ባዶ ካርቶን የሚከመርባት ጠባብ ክፍል አለች። ቴሌቪዥናችንና ዴካችን የተቀመጡት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ ያልታጠበ አቡጀዲና እርጥበት የነካው ወረቀት ትሸታለች። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የቴሌቪዥኑ ድምፅ ስለማይሰማ፣ እኔና እህቴ ዘይነባ ጆሯችንን ለጥፈንበት እናዳምጣለን።

ፊልሙን የተወልን አጎቴ ጀማል ነው። ባሕር ዳር ተምሮ ጨርሶ ሥራ ሲያገኝ የሲዲ ክምሩን እኛ ቤት ጥሎት ሄደ። አብዛኛው የህንድ ፊልም ነበር፤ የተጫረ፣ ልክ ሲጣፍጥ ቀጥ የሚል። አንዱ ሲዲ ግን ሽፋን እንኳን አልነበረውም። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ “ካርቱን” ተብሎ ተጽፎ ከጎኑ የፈረስ አንገት ተሥሎበታል። እኛ አገር ሰው ለፈረስ ያለውን ፍቅር ታውቁታላችሁ፤ የፈረስ ሥዕል ያለበት ሲዲ ሳይከፈት ሊቀመጥ አይችልም።

ታሪኩ የአንዲት ባዝራ ነው። ትልቅ ከተማ ውስጥ የከሰል ጋሪ ስትጎትት ትውላለች። አንድ ቀን ዳገት መሀል ትቆማለች፤ ጌታዋ ቢጮህ ቢጮህ አትነቃነቅም። ከዚያ ጋሪውን ትጥልና ድምፅ ታወጣለች። አሽካካች እንዳልል ዘፈን ነው፤ ዘፈነች እንዳልል ደግሞ እንደዚያ የሚጎረንን ዘፈን በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ኤሌክትሪክ ጊታሩ ከሥር ይነሳል፣ ከበሮው ይከተላል፣ ባዝራዋ የዝናብ ውኃ እየረጨች በከተማው መሀል ትሮጣለች። ያ ሙዚቃ ሮክ እንደሚባል ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ቋንቋው ስለማይገባን እኔና ዘይነባ የራሳችንን ግጥም ሰጥተነው “አልጎትትም፣ አልጎትትም” እያልን እንጮሃለን። እናታችን ከገበያ የምትመለስበት ሰዓት ስለሚደርስብን ግን ከግማሹ አልፈን አናውቅም።

በዚያ ዓመት ለወላጆች በዓል የታሰበው ድራማ ተበላሸ፤ ዋናውን ተዋናይ ጆሮ ደግፍ ያዘው። በዓሉን የሚያዘጋጀው የሳይንስ አስተማሪያችን ቲቸር አበባው ሰኞ ጠዋት ገብቶ፣ የልጆች ካርቱን ፊልም ቤቱ ያለው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። እጄ ከእኔ ቀድሞ ነው የወጣው። እስከዚያ ቀን ድረስ ክፍል ውስጥ እጅ አውጥቼ የማውቀው ለሽንት ቤት ብቻ ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴን ለአንዲት ሴት ከፋይ ጨርቅ ሲለካ አገኘሁት። ያን ጊዜ ዳንግላ ውስጥ ካርቱንም ካርቶንም አንድ ነበሩ፤ ሁለቱንም ካርቶን ነበር የምንላቸው። “አባ፣ ለወላጆች በዓል ካርቶን አምጪ ተብያለሁ” አልኩት። ልኬቱን ሳያቋርጥ “ከኋላ ሞልቶ የለም እንዴ፤ የፈለግሽውን ውሰጂ። የተቀደደውን ብቻ እንዳታነሺ፣ ያሳፍረናል” አለኝ። እኔ ፊልሙን የፈቀደልኝ መሰለኝ። እሱ የፈቀደልኝ ባዶ የሳሙና ካርቶን ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት ትምህርት አልነበረንም፣ እናቴም ገበያ ናት። ነገ የማስረክበውን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ልየው ብዬ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ባዝራዋ ዝነኛ ዘፋኝ ሆና፣ ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ ቀይ መብራት ወዳለበት ደረጃ ትወጣለች። ከደረጃው በላይ ያለው የአዋቂ ነገር ነው፤ ከዚህ በላይ አልናገርም። ብቻ እኔ ካርቶን ክምር ውስጥ ፊቴን ቀብሬ፣ በጣቴ የዴኩን ቁልፍ እየዳበስኩ እንዴት እንዳጠፋሁት አላህ ነው የሚያውቀው። ሥዕል ሁሉ የልጅ ነው ብሎ ያስተማረኝን ከተማ ሁሉ ረገምኩ።

በማግስቱ ሲዲው ጠፋብኝ ልል አስቤ ወደ ቲቸር አበባው ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ፕሮግራሙ ተለጥፏል፦ “ካርቱን ፊልም፣ በሐያት ከድር አቅራቢነት”። ዳይሬክተሩ ሳይቀር ስሜን ጠርተው ጎበዝ አሉኝ። ለልጅ አይሆንም ብል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ “አንቺ በምን አወቅሽ?” ነው። ዳንግላ ላይ የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጅ ይህን ስትጠየቅ ብቻዋን አትጠየቅም፤ እናቷም ትጠየቃለች፣ ቤቷም ይጠየቃል። ሲዲውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ቲቸርም የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ ቢሮ ውስጥ አየና “ፈረስ! በቃ ወላጆች ይሞቱበታል” ብሎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈው።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ቀናት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ምግብ አፌ ላይ አልዞር አለ። ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ ብላቸው ፌጦ አጠጡኝ፤ ፌጦውም ቁርጠት ሆነብኝ። የሰፈሩ መብራት በየቀኑ ሲጠፋ የኖረው፣ ያን ሳምንት ግን አንዴም አልጠፋም። ለመብራት መጥፋት ዱዓ ያደረገች ልጅ ካለች እኔ ነኝ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ አባቴ ነበር፤ በዚያው በበዓሉ ቀን የወላጅና መምህር ኅብረት ሰብሳቢ ይመረጣልና ሰው ሁሉ ከድር ነው የሚሆነው ይል ነበር። አባቴ ነገሩን እንደ ቀልድ ያልፈዋል እንጂ በጣም ይፈልገው ነበር። ግራጫ ኮቱን ራሱ ሲተኩስ አይቼዋለሁ።

የበዓሉ ቀን አስተማሪዎቹ በሁለት ክፍሎች መሀል ያለውን የኮምፔርሳቶ ግድግዳ አንስተው አንድ አደረጓቸው፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረዱት። ከገጠር የመጡት ወላጆች ፈረሶቻቸውን አጥሩ ላይ አስረው ገቡ። እኛ ልጆች ከፊት፣ ወለሉ ላይ በጎን በኩል ነን፤ ከተቀመጥኩበት ቴሌቪዥኑም የወላጆቹም ፊት ይታየኛል። አባቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከነጋዴዎቹ መሀል ነው። ፊልሙ ሲጀምር ወደ ቴሌቪዥኑ አየ፣ ወደ እኔ አየ፤ የትኛውን ካርቶን እንደወሰድኩ ገባውና ሳቀ። ያ ሳቅ ከቁጣ የበለጠ አንጀቴን በላው።

ፊልሙን ሰው በጣም ወደደው። ከሁሉም በላይ የወደዱት ደግሞ ፈረሰኞቹ ናቸው። አያ ታከለ የሚባሉ፣ ፈረስ በመግራት የታወቁ ሽማግሌ፣ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ባዝራዋ ዳገቱን ስትወጣ ዱላቸውን አንስተው ቴሌቪዥኑን እያመለከቱ፣ “ይኸን የሳለው ሰው ፈረስ ያውቃል። የኋላ እግሯን እዩት፣ የፊቷ ኮቴ ያረፈበትን ነው የሚረግጠው!” አሉ። ያንኑ ለጎረቤታቸው በአገውኛ ደገሙላቸው። ዘፈኑ ሲመጣ ሰው ይስቃል ብዬ ነበር፤ ግን ጸጥ አለ። ያ የተሰነጠቀ ድምፅ አማርኛም አገውኛም ሳያስፈልገው ገባቸው። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ እንዴት እኮራ ነበር!

ሁለተኛው ዘፈን አለቀ። ሦስተኛው ጀመረ። እየደጋገምኩ በሩን አየሁ። ሦስተኛው ዘፈን አልቆ ባዝራዋ የደረጃውን የመጀመሪያ እርከን ስትረግጥ፣ አባቴ ከመቀመጫው ተነሳ።

“ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይጥፋ።”

“ምነው ጋሽ ከድር? ሰው እየወደደው እኮ ነው።”

“ከዚህ በኋላ ያለው ለልጅ አይሆንም።”

“እርስዎ በምን አወቁ?”

ያ ጥያቄ ለእኔ የተዘጋጀ ነበር። አባቴ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈና “አይቼዋለሁ። ሦስት ጊዜ” አለ።

ቲቸር አበባው ሶኬቱን ነቀለው። ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። አያ ታከለ ብቻ ፈረሷ የት እንደ ደረሰች ሳናይ እያሉ ተቆጡ። ዳይሬክተሩ ሲዲው ከየት እንደመጣ ሲጠይቁ አባቴ፣ ከእኔ ቤት ነው፣ ልጅቷ ጠይቃኝ ውሰጂ ያልኳት እኔ ነኝ አለ። ወደ እኔ ማንም አላየም። ከደስታ ብዛት እንባዬ መጣ፤ አዎ፣ ደስታ ነበር፣ አልዋሻችሁም።

ምርጫው ቀጠለ፣ አባቴ አልተመረጠም። ከኋላ አንዱ “እንዲህ ያለ ፊልም ሦስቴ ለሚያይ ሰው ልጆቻችንን እንዴት እንሰጣለን?” ሲል ሰምቼዋለሁ፤ እሱም ሰምቷል። እናቴ አንድ ሳምንት ሙሉ ሻዩን ያለ ቃል ነበር የምታስቀምጥለት። ነጋዴዎቹማ ለዓመታት ያዙት፤ በሱቁ ባለፉ ቁጥር “ከድር፣ ባዝራዋ ደህና አደረች?” ይሉታል፣ እሱም ስቆ ጨርቁን ይለካል። እኔን አንድ ቀን እንኳን አልጠየቀኝም። እኔም ለካ አባቴ ተደብቆ እንዲህ ያለ ያያል ብዬ በልቤ ታዘብኩት። ልጅ ፈራጅ ነው።

አሁን ኑሮዬም ሥራዬም እንጅባራ ነው። ያን ፊልም ለዓመታት ስፈልገው ቆይቼ ባለፈው ዓመት አገኘሁት። ሲወጣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም አሉ፤ ለልጆች እንዳይሆን የአዋቂ ነው፣ ለአዋቂ እንዳይሆን ሥዕል ነው። ዛሬ እዚህም እዚያም ተበትነው በፍቅር የሚያወሩለት ጥቂት ሰዎች አሉ፣ እኔም አንዷ ነኝ። በእንጅባራ ኔትወርክ አውርጄ ለመጨረስ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ለዒድ ዳንግላ ስወርድ በስልኬ ይዤው ሄድኩ። አባቴ አርጅቷል፣ ሱቁን ዘይነባ ነው የያዘችው። በሱቁ በር ወንበር አውጥተን ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ መነጽሩን አደረገና ስልኩን ተቀበለኝ።

ባዝራዋ ጋሪውን ስትጥል እንደ ልጅ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ “ሐያት፣ መጨረሻዋ ምን ይሆናል? ወደ ጌታዋ ትመለሳለች?” አለኝ። እርጅና ነው ብዬ ልቤ ተሰበረ።

“አባ፣ ሦስት ጊዜ አይተኸው የለ እንዴ?”

“የቱን ጊዜ አግኝቼ? እኔ ያን ዴክ መክፈቱንስ መቼ አውቅበት ነበር!”

“ታዲያ ያን ቀን በምን አወቅህ?”

“ሰው ሁሉ ቴሌቪዥኑን ያያል፣ አንቺ በሩን ታያለሽ። ከንፈርሽ አመድ መስሏል። ምን እንደሚመጣ እኔ አላወቅሁም፤ አንቺ እንዳወቅሽ ግን አወቅሁ። አንድ ሰው አይቼዋለሁ ማለት ነበረበት።”

የእናቴን ሳምንት አሰብኩ፣ ግራጫውን ኮት አሰብኩ፣ ያን ሁሉ ዓመት የሳቁበትን ሰዎች አሰብኩ። ደረጃው ጋ ስንደርስ ስልኩን ገልብጬ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት፤ አባትና ልጅ አፍረን የሚያልፈውን ባጃጅ ስንቆጥር ቆየን። “አለፈ?” አለኝ። “አለፈ አባ” አልኩት፣ መልሰንም ከፈትነው። ባዝራዋ በመጨረሻ ጋሪዋ ወደ ወደቀበት ዳገት ተመልሳ ትመጣለች፤ አትጎትተውም፣ ላዩ ላይ ወጥታ ትቀመጣለች። አባቴ እሱን ሲያይ “እሰይ!” አለ።

ያን ጊዜ አንድ ቴሌቪዥን ለመቶ ሰው ነበር፤ የሚመጣብንን አብረን እናይ ነበር። ዛሬ የሰባት ዓመት ልጄ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፤ ምን እንደምታይ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣባት አላውቅም፣ እፈራለሁም። ስልኩን ልንጠቃት ይቃጣኛል፣ ከዚያ እተወዋለሁ። ሥራዬን አስቀምጬ ፊት ለፊቷ እቀመጥና ፊቷን አያለሁ። እሷም ቀና ብላ “እማ፣ ምን እያየሽ ነው?” ትለኛለች።