ሽማግሌውና የኮረዶቹ መጽሐፍ

ሽማግሌው ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ እንደተከፈተ ገብተው መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። የኮታቸው እጅጌ ጫፉ ቢተለተልም ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። የሚያነቡት ግን ከሽበታቸው ጋር አይሄድም፤ ኮረዶች የሚሻሙበት፣ አንዲት ተማሪ ቫምፓየር የሚሉትን ደም መጣጭ የምታፈቅርበት ተከታታይ ልብ ወለድ ነው። ጣታቸውን ምራቅ እያስነኩ፣ አንዲት መስመር ሳይዘሉ ያነቡታል።

«አባባ፣ በስተርጅና ፍቅር ያዘዎት እንዴ?» አለቻቸው አንድ ቀን መጽሐፍ የምታውሰው ሴት።

«ደራሲ ነኝ፣ ልጄ። አንድ አሳታሚ ስለዚህ መጽሐፍ መጣጥፍ እንድንጽፍለት ደራስያንን ጠይቆን ነው» አሉ ፈገግ ብለው።

ሴትዮዋ ደስ አላት። ባለፈች ባገደመች ቁጥር ደብተራቸውን ሰረቅ አድርጋ ታያለች፤ ጽሑፍ የሚባል ነገር የለበትም። ከወራት በኋላ የመጣጥፎቹ መድበል ታትሞ መጣ። ይዛላቸው ሄደች።

«የእርስዎን ፈልጌ አጣሁት።»

«አልጻፍኩም።»

«ታዲያ አሁንም የሚያነቡት ለምንድን ነው?»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ሴት ልጄ ይህን ስታነብ አግኝቼ ‹ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው!› ብዬ ከእጇ ነጥቄ ቀደድኩት። ወዲያው ታመመች፤ ወር ሳይሞላ ቀበርኳት። የት ድረስ እንዳነበበች እንኳ አላየሁም።»

ሴትዮዋ መድበሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እና... ሲያነቡት የት ላይ እንዳቆመች ይታወቅዎታል?»

«አይታወቀኝም» አሉና መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ቀጣዩን ገጽ ገለጡ።