የዓርብ ክፉ ሰው

«ፊትሽ የክፉ ሰው ፊት ነው፤ ለሥራው ትሆኛለሽ» አለኝ ኡስታዝ ማዚን። ሪያድ በሚባለው ሰፈር ያለው የጨዋታ ካፌው ውስጥ ሻይ ላመላልስ የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። ማን ነገረው ብዬ ደነገጥኩ።

ደንበኞቹ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው። ዓርብ ከሶላት በኋላ ጠረጴዛ ይከባሉ። ማዚን ታሪኩን ይመራል፤ እነሱ በታሪኩ ውስጥ አንድ አንድ ሰው ሆነው ይናገራሉ። ያሰቡት ይሳካ እንደሆነ ዛህር የሚሉትን ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ወርውረው ያያሉ። ሁሉም ጀግና መሆን ይፈልጋል። ሌባው፣ ከሃዲው፣ ጉቦኛው ዘበኛ ለእኔ ተረፈ።

መጀመሪያ እጮህ ነበር፤ ሳቁብኝ። «ሐበሺያ፣ የሚጮህ ሰው ማንን ያስፈራል? ፈገግ በዪ፣ ውሃ ስጫቸው፣ ከዚያ ሽጫቸው» አለኝ ማዚን። እንዳለኝ አደረግሁ። ሪም የምትባል ልጅ ዘበኛ ሆኜ ስከዳት አለቀሰች። በሳምንቱ ጓደኛዋን ይዛ መጣች።

አንድ ዓርብ በረሃ የሚያሻግር ደላላ ሆንኩ። «በቋንቋሽ ተናገሪ፤ ካልገባቸው የበለጠ ይፈራሉ» አለ ማዚን። ከጠረጴዛው አማርኛ የሚሰማ የለም። እናም የማውቀውን አወጣሁ፦

«የደከመ ይቀመጥ። ከኋላ ሌላ መኪና አለ፤ ያነሣዋል።»

ወጥ ቤት ብርጭቆ ተሰበረ።

እዚያ ዕቃ የምታጥበው እትዬ ጽጌ ናት። ወረቀት ሳይኖረኝ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ሳጃና ሰፈር ባለው ክፍሏ ያስጠጋችኝ እሷ ናት። ወንድሟ ወደ እሷ ሲመጣ በረሃ ቀርቷል። በየትኛው ጉዞ እንደሆነ ልጠይቃት ስፈራ ኖሬአለሁ።

እኔ የድንበሯ የመተማ ልጅ ነኝ፤ ዐረብኛ እችላለሁ። በዚያ በረሃ ስመጣ ደላላው የሚለውን ለሰዉ የማስተረጉም እኔ ነበርኩ። እሱም ከሹፌሩ ጎን አስቀመጠኝ። ሌላ መኪና እንደሌለ አውቅ ነበር።

ጽጌ እጇ አረፋ እንደሆነ በሩ ላይ ቆመች።

«ይህን ቃል ከየት አመጣሽው?»

«ጨዋታ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«ከወንድሜ ጋር የነበረው ልጅ ይህንኑ ነው የነገረኝ። ቃል በቃል። ያስተረጎመችው አንዲት ሴት ልጅ ናት አለኝ።»

ሪም ማዚንን ነካ አደረገችው። «እሷም ትጫወታለች እንዴ?»

«ያላ፣ ዝም በዪና እዪ» አለ ማዚን። ደስ ብሎታል።

«አንቺ ነሽ?» አለች ጽጌ።

ዛህሩ እጄ ውስጥ ነው። አንድ ውሸት ይበቃኝ ነበር፤ ለዚያ ነው የሚከፍሉኝ። አፌ እምቢ አለ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ፦ ለክፉው ሰው ቃል ፍጠሩለት። የራሳችሁን አትስጡት።

ዛህሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ልብሴ በሙሉ ጽጌ ክፍል ነበር። ውጪ ረክሻ፣ ያው ባጃጅ፣ አቆምኩ።

«ሳጃና?» አለኝ ሹፌሩ።

«ላ» አልኩትና ራሴን ነቅንቄ ገባሁ።