«አቤት» የማይባልበት ስም

እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ በምሠራበት ፋብሪካ የጋለ ብረት ውሃ ሲነካ ያ ሽታ ይመጣል። ሽታው በመጣ ቁጥር ጎንደር፣ ከአባቴ ወናፍ አጠገብ ቁጭ እላለሁ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ወንዝ ወርጄ ውሃ ስቀዳ ልጆቹ «አባትሽ ቀጥቃጭ ነው፤ ሲመሽ ጅብ ይሆናል» አሉኝ። እየሮጥሁ መጥቼ የአባዬን እጅ አገላብጬ አየሁት። ጥላሸትና ጠባሳ እንጂ የጅብ ጠጉር የለበትም።

«አባዬ፣ ጅብ ትሆናለህ እንዴ?»

መዶሻውን አስቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ የሌለ አገር ፈጠረልኝ።

«ከተራራው ማዶ አንድ አገር አለ። እዚያ ሰውን ‹ጅብ!› ብለው ሲጠሩት ‹አቤት› ካለ ወዲያው ጅብ ይሆናል። ‹ቀበሮ!› ሲሉት ‹አቤት› ካለም ቀበሮ።»

«ዝም ካለስ?»

«ዝም ካለማ ሰው እንደሆነ ይኖራል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዝም ማለቱ ግን ያደክማል፣ ልጄ» አለ።

ያ የመጨረሻው አልገባኝም። እህቴን «ቀበሮ በይኝ» እያልሁ፣ «አቤት! አቤት!» ስል ዋልሁ።

ዛሬ አዲሱ የፈረቃችን አለቃ፣ መናሄሉ፣ ስሜ ከብዶት በዕብራይስጥ ስም «ታሊ!» ብሎ ጠራኝ። ሥራዬን ቀጠልሁ። ደገመኝ፤ ዝም። አብራኝ የምትሠራው ልጅ በክርኗ ነካችኝ፤ አሁንም ዝም። በመጨረሻ መጥቶ ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ስም ጎንበስ ብሎ እየተንተባተበ አነበበ።

«ት... ትርንጎ?»

«አቤት» አልሁት፣ በአማርኛ።