ንጹሕ ሰው የተመረጠበት አውጫጭኝ

ከመኝታ በፊት የሚነገር የወንጀል ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው በዳዩ ተይዞ ነው። የወርቂቱ ታሪክ እንደዚያ አያልቅም፤ አድማጩ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል።

ወርቂቱ ከፍስሐ ገነት በታች ባለች አንዲት መንደር የምትኖር፣ የሦስት ልጆች እናት ነበረች። ከባሏ ከዘነበ ጋር ሁለት መቶ እግር ቡናና ለቤት የሚበቃ እንሰት ነበራቸው። ዘነበ በሰው ላይ እጁን አንሥቶ አያውቅም፤ ስሙም በጠብ ወይም በክስ ተጠርቶ አያውቅም። የጎዳውም ይኸው ንጽሕናው ነው።

በ1955 ዓ.ም. ኅዳር መግቢያ ላይ፣ ከፈለኝ የተባለ የቡና ሚዛን ያዥ በመንደሩ ወንዝ ዳር በጥይት ተገድሎ ተገኘ። አሠሪው ደጀኔ የተባለ የፍስሐ ገነት ነጋዴ ነበር። ሁለቱ በዋዜማው ተጣልተው ደጀኔ ሽጉጥ ሲመዝበት ገበያተኛው ሁሉ አይቷል።

ሊመረምር የመጣው መቶ አለቃ ወንድይፍራው ግን አውጫጭኝ አወጀ። በዚህ ደንብ መሠረት ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ የመንደሩ አባወራ በሙሉ በአንድ ሜዳ ተከትቶ ይጠበቃል፤ ወደ ቤቱም ወደ ሥራውም አይሄድም። ወሩ የለቀማ ወር ነበር። የቀላው ቡና ለቃሚ አጥቶ በየዛፉ ሥር ይረግፍ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን የጎሳው ሽማግሌ ይርጋ ተነሣ።

«ጌታዬ፣ ደጀኔ ይጠየቅልን።»

«ደጀኔ የዚህ መንደር ሰው ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ስለ ሌላ አገር ሰው ማን ጠየቀህ? ቁጭ በል!»

በአምስተኛው ቀን መቶ አለቃው የደጀኔን በቅሎ ተቀምጦ መጣ። ኮርቻው እንኳ አልተለወጠም።

«በቅሎዪቱ ባሏን ፈታች» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

«አይ፣ ተድራ ነው እንጂ! ጥሎሹን የምንከፍለው እኛ ነን» አለው አጠገቡ ያለው።

ጥቂቶች ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ሁሉም የገባው ነገር አንድ ነበር፤ ደጀኔ ከእንግዲህ አይጠየቅም።

የመንደሩ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የወረሱት ሥርዐት ነበራቸው። ደም በምድሩ የፈሰሰበት ጎሳ፣ ገዳዩ ባይታወቅም፣ አንድ ሰው መርጦ በሟቹ ወገን ፊት እርጥብ ሣር አስይዞ ያንበረክካል፤ ከዚያ ካሣ ተከፍሎ ቂም ይዘጋል። የሚንበረከከው ሰው እጁ ከደም የነጻ መሆን አለበት፤ ያለዚያ እርቁ አይጸናም። ሽማግሌዎቹ የከፈለኝ ወንድም እርቁን ከተቀበለ ሜዳው ይፈታል ብለው አሰቡ። ይርጋ የእኅቱን ልጅ ዘነበን መረጠ።

ወርቂቱ ስንቅ ይዛ ወደ ሜዳው በመጣች ጊዜ ይህን ሰማች።

«አባባ ይርጋ፣ መቶ አለቃው የእኛን ሥርዐት ያውቃል?»

«አሥር ዓመት እዚሁ ኖሮ እንዴት አያውቅ!»

«እያወቀ እንዳላወቀ ቢሆንስ? ሌላ ሰው ይምረጡ።»

«ልጄ፣ ከዘነበ የነጻ ካለ አንቺ ጥሪልኝና እሱን ላቁም።»

ወርቂቱ የማንንም ስም አልጠራችም።

በማግሥቱ ማለዳ ዘነበ ሣሩን ይዞ ተንበረከከ። መቶ አለቃው ወደ ጸሐፊው ዘወር አለና «በሕዝብ ፊት ተንበርክኮ ጥፋቱን አመነ ብለህ ጻፍ» አለው። ይርጋ ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ሊያስረዳ ቢሞክር የሚሰማው አላገኘ። ዘነበ በካቴና ታሰረ፤ ሕዝቡም ተፈታ። ቀትር ሳይሆን ሜዳው ባዶውን ቀረ፤ ሰው ሁሉ ወደ ቡናው ሮጧል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የወርቂቱ ፍላጎት አንድ ብቻ ሆነ፤ ይርጋ የመንበርከኩን ትርጉም ለዳኛ እንዲናገር። ይርጋም እናገራለሁ ብሎ ማለላት። ነገሩ በታኅሣሥ ዲላ ላይ ሊሰማ አንድ ቀን ሲቀረው መቶ አለቃው ሽማግሌውን አስጠራው።

«ዘነበ ካልገደለ ገዳዩ አልተገኘም ማለት ነው። አውጫጭኙም ከነገ ወዲያ ይቀጥላል። ለቀማችሁን ጨርሳችኋል?»

«ገና እኩሌታው ነው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።»

በችሎቱ ዳኛው ጠየቁት። «ተከሳሹ ሲንበረከክ አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ለምን ተንበረከከ?»

ይርጋ ወለሉን ተመለከተ። በጎሳው ሸንጎ የዋሸ ሽማግሌ ከወንበሩ ይሻራል፤ ዝም ስላለ ሽማግሌ ግን የተደነገገ ነገር የለም። ዝም አለ።

«አባባ፣ ይናገሩ እንጂ!» ስትል ወርቂቱ ከኋላ ጮኸች።

«ያችን ሴት አስወጡልኝ» አሉ ዳኛው። ዘነበ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

አራት ዓመት ሙሉ ወርቂቱ በየወሩ ቆጮ ተሸክማ ዲላ እስር ቤት ተመላለሰች። ዘነበ ስንቁን ሳይቀበል ገና «ይርጋ ተናገረ?» ይላታል። እሷም ወደ መንደር ተመልሳ «ዘንድሮስ?» ትላለች፤ ይርጋ «ለቀማው ይለፍ» ይላል። ለቀማው ያልፋል፤ ቀጥሎ የእንሰት ተከላ፣ ቀጥሎ ዝናቡ፣ ቀጥሎ እንደገና ለቀማው ይመጣል።

በአምስተኛው ዓመት የይርጋ ሆድ አበጠ። እንደሚሞት ሲያውቅ «ዲላ ውሰጂኝ» አላት። ሦስት ሰዎች ቃሬዛውን ተሸከሙ፤ አራተኛውን ጠርዝ ወርቂቱ ያዘች። ሦስት ቀን ተጉዘው ዲላ ደረሱ።

የመዝገብ ቤቱ ሹም አቶ ተክለማርያም ሽማግሌውን ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

«አባቴ፣ የተናገሩት እውነት ይመስለኛል» አሉት። «ነገር ግን የይግባኙ ጊዜ ካለፈ ዓመታት ሆኖታል። የቀረው ምሕረት መለመን ነው፤ ለእሱም የመርማሪው ሹም አስተያየት ይጠየቃል።»

«ማን ናቸው?» አለች ወርቂቱ።

«ሻምበል ወንድይፍራው። ዘንድሮ ማዕረግ ጨምረዋል።»

የመዝገብ ቤቱ መስኮት ተዘጋ። ይርጋ መናገሩን ለዘነበ ራሱ ሊነግረው ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን ዕለቱ ማክሰኞ፣ የጥየቃው ቀን ደግሞ እሑድ ነበር። ተሸካሚዎቹ የያዙት ስንቅ እስከ እሑድ አያደርስም። ቃሬዛውን አነሡና ወደመጡበት ዞሩ።

ከከተማው ወጣ እንዳሉ ይርጋ ውሃ ለመነ። አወረዱት፤ ወርቂቱም ከቅሉ ቀድታ ወደ አፉ አስጠጋችለት።

«ልጄ፣ ይቅር በዪኝ» አላት።

«ውሃዎን ይጠጡ» አለችው።