የአባቴ የዓለም ታሪክ ደብተር

አባቴ እዚህ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ልብስ ሲሰፋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሬዲዮ ሳይከፍት መርፌ ላይ ክር አያስገባም። የሰማውን የዓለም ታሪክ ሁሉ በደብተር ይጽፋል፤ ታይታኒክ መቼ ሰጠመች፣ የበርሊን ግንብ መቼ ፈረሰ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ስለ ግብጽ ፒራሚዶች ሳይሰማ አይወጣም።

በልጄ ትምህርት ቤት የጥያቄና መልስ ውድድር ተዘጋጀ። ያሸነፈ ማርሳቢት ከተማ ሄዶ ሌሎች ትምህርት ቤቶችን ይገጥማል። ልጄ ማርሳቢትን አይታ አታውቅም፤ ልቧ ተንጠለጠለ። አስጠኚዋ ማን ሊሆን ነው? አባቴ ነዋ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀምጦ ደብተሩን በቃሏ አስያዛት።

የውድድሩ ቀን ኮቱን አስተኩሶ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔም ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ልጄ እስከ መጨረሻው ጥያቄ ከአንድ ልጅ ጋር እኩል ነበረች። ሰው ጨረቃን የረገጠው በየትኛው ዓመት እንደሆነ ተጠየቀች። ፈገግ ብላ፣ «ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አንድ!» አለች።

ተሳስታለች ተባለ። አባቴ ብድግ ብሎ፣ «ልክ ናት! በጆሮዬ የሰማሁት ነው!» ብሎ ጮኸ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ! ጉድ እኮ ነው፣ ደብተሩ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ይህን ያህል ዘመን በሽልንግ እየሸጠ፣ በስዋሂሊ እየተከራከረ፣ ዓመቱን ግን አንድም ቀን ድንበር አላሻገረውም። ሌላው ልጅ ስልሳ ዘጠኝ ብሎ ማርሳቢትን ወሰደ።

ቤት ስንገባ ልጄ፣ «ሁለተኛ ከእሱ ጋር አላጠናም» ብላ በሯን ዘጋች። እኔም አፌ አያርፍም፣ «አባዬ፣ ልጄን ጉድ ሠራሃት!» አልኩት። ሬዲዮውን አጠፋው። ያን ከማይ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ሱቅ ብቅ ስል፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ በደብተሩ ዓመቶች ላይ በየመስመሩ ሲደምር አገኘሁት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ለሆነው ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ለሆነው ስምንት። ደጋግሞ ይሳሳታል፣ ይሰርዛል። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«አባባ፣ እዚያ ላይ ሰባት ነው እንጂ ስምንት አይደለም» አለች፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ።

«ታዲያ ምን ያስቆምሻል? ነይ፣ ቁጭ በይና አርሚው!»

ተቀመጠች። ደስታዬን እንዳያዩብኝ የተበታተነ ጨርቅ ማጠፍ ጀመርኩ። እሷ ታነብባለች፣ ትደምራለች፤ እሱ ያያታል።

ከበርሊን ግንብ በታች አንድ መስመር ላይ ስትደርስ ቀስ አለች። እናቴ የሞተችበት ዓመት ነው። ሆኖም እስክሪብቶውን አስጠጋች። አባቴ እጇን ያዘ።

«እሷን አትንኪያት» አላት። «አያትሽ ሌላ አቆጣጠር አታውቅም ነበር።»